ቤት ለቤት ወይስ ጤና ጣቢያ?

ስለ እርግዝና መከላከያና ስለ ወሊድ፣ ደምቢያ ገጠር ለምትኖር የ18 ዓመት ሙሽራ የቱ ይሻላል፦ የጤና ባለሙያ ቤቷ ብትመጣላት ወይስ ራሷ ጤና ጣቢያ ብትሄድ?

ወጪ፦ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ደጃፏ ድረስ ይመጣል፤ ያውም በነጻ። ጤና ጣቢያ መሄድ ግን የትራንስፖርት ብር ይፈልጋል፣ የቀን ሥራም ያስፈታል። ክረምት ላይማ ጭቃው አያስኬድም።

ምስጢር፦ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ባለሙያዋ ቤት ስትመጣ አማትም ባልም አጠገብ ናቸው። ልጅቷ ስለ እርግዝና መከላከያ በምን አፏ ትጠይቅ? ጤና ጣቢያ በር ዘግታ ታወራለች።

አቅም፦ ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ የቀበሌዋ ባለሙያም ታስገባለች። ማውጣቱ ባብዛኛው ጤና ጣቢያ ነው፤ መውለዱም እዚያው።

ለምክርና ለክትትል ቤት ለቤቱ ይመቻል። በሰው ፊት የማትጠይቀው ነገር ካላት ጤና ጣቢያ ትሂድ። ነፍሰ ጡር ሆና ደም ከፈሰሳት ወይም ምጥ ከጀመራት ግን ምርጫ የለም፤ ቶሎ አምቡላንስ ይጠራላት።