ለቤት ኤስፕሬሶ ማሽን የሚጨመሩ ዕቃዎች፦ በድሬዳዋና በሐረር የትኛው ገንዘቡን ያወጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ ለኤስፕሬሶ ማሽን ተጨማሪ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሻይ ውሃ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ክዳኑን አንስታችሁ ውስጡን እዩ። ግድግዳው ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት በማሽኑ ማሞቂያ ውስጥም እየተጋገረ ነው፤ የሚረሳው ስለማይታይ ነው። የከተማዋ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ጠንካራ ውሃ ነው። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ሽቅብ የሚገፋ ውሃ ስለምትጠጣ ጣጣው የጋራ ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹን የመዘንናቸው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ መፍጫ፣ ከዚያ የተፈጨው ቡና የሚሞላበት ወንፊት። የሚያብረቀርቀው ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ለምሳሌ የያዝናቸው ሁለት ማሽኖች ወንፊቱ 51 ሚሊ ሜትር የሆነው ዴሎንጊ ዴዲካ እና 58 ሚሊ ሜትር የሆነው ጋጂያ ክላሲክ ናቸው።

ከሁሉም ዕቃ ብሩን በሚገባ የሚመልሰው በውሃ ታንኩ ውስጥ የሚጠለቀው ማለስለሻ ከረጢት ነው። ውስጡ ያለው ሬዚን ካልሲየምና ማግኒዚየምን ይዞ ያስቀራል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ለመካከለኛ ውሃ የተሰላ ስለሆነ እዚህ ቶሎ ይደክማል። መድከሙን የሚነግራችሁ የውሃ ጥንካሬ መለኪያ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ታንኩ ውስጥ ከቆየው ውሃ ላይ ነክራችሁ አውጡና አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀለሙን አንብቡ፤ የቧንቧው ውሃ ወረቀቱ ላይ የሚሰጠውን ቀለም ካሳየ ከረጢቱ አልቋል። በየሱቁ የሚሸጠው፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ሁሉ በጅምላ የሚለካው ቲዲኤስ ሜትር ግን ለዚህ አይሆንም። ሶዲየም የሚለቅ ሬዚን ካልሲየሙን በሶዲየም ስለሚተካ መሣሪያው ከማለስለሱ በፊትም በኋላም ተቀራራቢ ቁጥር ያሳያል፤ ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ደህና ከረጢት ይጥላል።

ከረጢቱ ካልተገኘ ውሃውን አፍልታችሁ ሌሊቱን አሳድሩትና የታችኛውን ሩብ ትታችሁ የላዩን በንጹህ ጨርቅ አጥልሉ። ይህ ከባይካርቦኔት ጋር የተጣመረውን ካልሲየም ያወርዳል፤ ከሰልፌት ጋር የተጣመረው ግን ይቀራል። ስለዚህ አሁንም በወረቀቱ ለኩ። የተጣራ፣ ምንም ማዕድን የሌለው የመጠጥ ውሃ ያገኘ ሰው ደግሞ ለ10 ሊትር 1 ግራም ያህል የመጋገሪያ ሶዳ ቢጨምር ቅርፊት የማይሠራ፣ ጣዕሙም ያልሞተ ውሃ ያገኛል። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ አታምታቱ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃም ለመጠጥ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም፤ ለቡና አይነካ።

ቅርፊት የያዘውን ማሽን ለማጠብ በ1 ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 25 ግራም ሲትሪክ አሲድ በቂ ነው። ግማሹን በቡናው በኩል፣ ቀሪውን በእንፋሎት ቱቦው በኩል እያቋረጣችሁ አሳልፉ፤ መሐል ላይ 15 ደቂቃ አጥፍታችሁ አቆዩት፤ በመጨረሻ ሁለት ሙሉ ታንክ ንጹህ ውሃ አሳልፉ። የቀድሞዎቹ ጋጂያ ክላሲኮች ማሞቂያ አልሙኒየም ስለሆነ አሲዱን ውስጡ ማሳደር ብረቱን ይበላዋል። ሆምጣጤ ሽታው አይለቅም፣ ጎሚኒውንም ይጎዳል። ጋጂያውን ካጠባችሁ በኋላ ፓምፑ ጠፍቶም ውሃ ከቡናው ራስ (እጀታው ከሚሰካበት ቦታ) መንጠባጠቡን ካላቆመ፣ የተላቀቀ ቅርፊት ሶሌኖይዱ (ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ላይ ተሰንቅሯል ማለት ነው፤ ተፈትቶ መጽዳት አለበት።

መፍጫ ላይ እንምጣ። ሙቀጫና ዘነዘና ለጀበና የተፈጠሩ ናቸው፤ ለኤስፕሬሶ ግን አይሆኑም። የተወቀጠ ቡና ውስጥ ጠጠር የሚያክለውም አመድ የመሰለውም አብሮ አለ። ውሃው በጠጠሩ ዙሪያ ሾልኮ ሲያልፍ አመዱ ይመርራል፣ ስለዚህ አንዱ ስኒ ኮምጣጣም መራራም ይሆናል። ገበያ ወስዶ ማስፈጨትም ይህን አይፈታም፤ ወፍጮው የሚስተካከለው ለጀበና ነው። መፍጫ የሌለው ሰው ከዴዲካ ጋር የመጣውን ባለ ሁለት ግድግዳ ወንፊት አይጣል። ግፊቱን የሚፈጥረው የታችኛው ግድግዳ አንዲት ቀዳዳ ስለሆነች የአፈጫጨቱን ጉድለት ትሸፍናለች። ባለ አንድ ግድግዳውን ወንፊት መፍጫ ሳይኖር መግዛት ውሃው በጥቂት ሰከንድ እንዲፈስ መክፈል ነው።

ከእጅ መፍጫዎች ታይምሞር ሲ2 ለጀበናም ለፊልተርም ጥሩ ነው፤ ለኤስፕሬሶ ግን የማድቀቂያ ማስተካከያው እርምጃ (ክሊክ) ይሰፋል፤ አንዱ ክሊክ ያፈሳል፣ ቀጣዩ ይዘጋል። ኪንግራይንደር ኬ6 በአንድ ክሊክ 16 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ብቻ ስለሚንቀሳቀስ የሚፈለገው ቦታ ላይ ይቆማል። በእኛ አስተያየት ከማሽኑም በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው።

የሐረር ቡና ራሱ ጠባይ አለው። ከነገለፈቱ የሚደርቅ ስለሆነ ፍሬው መጠኑ ይለያያል፤ ብረት ምጣድ ላይ ሲቆላም እኩል አይበስልም። ከቆላችሁ በኋላ ገርጥተው የቀሩትን ፍሬዎች በእጅ ልቀሙ፤ ጥሬ ለውዝ የሚመስል ጣዕም የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ለጀበና ቡና ተቆልቶ ወዲያው መፈላቱ ክብሩ ነው። ለኤስፕሬሶ ግን ፍሬው ውስጥ የታመቀው ጋዝ ውሃውን ይገፋል፤ አረፋው ተቆልሎ ወዲያው ይፈርሳል፣ አወራረዱም ይቆራረጣል። በተከደነ ዕቃ ከ5 እስከ 7 ቀን ይረፍ። ያን ጊዜ የሐረር ቡና የሚታወቅበት የፍራፍሬና የወይን ጠጅ ቃና ስኒው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ይህን ጣዕም በራሱ አገር ሰው በሚገባ ሳይቀምሰው መቅረቱ ያሳዝነናል።

ሚዛን ያስፈልጋል፤ 0.1 ግራም የሚያነብና ሰዓት ያለው። 1 ግራም ብቻ የሚቆጥረው የወጥ ቤት ሚዛን 14.5ንም 15.4ንም “15” ይላችኋል። መነሻችሁ ለዴዲካ 15 ግራም ቡና አስገብቶ 30 ግራም መጠጥ፣ ለጋጂያ 18 አስገብቶ 36 ግራም፣ ሁለቱም ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ይሁን። ከዚህ ከፈጠነ አድቅቁ፣ ከዘገየ አሻክሩ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይሩ።

ወንፊቱን የሚይዘው እጀታ ታቹ ክፍት የሆነው ዓይነት ስህተትን ያሳያል እንጂ አያርምም። ቡናው ከወንፊቱ በአንድ ጎን ከጀመረ ወይም በቀጭኑ ወደ ጎን ከረጨ፣ ውሃው ስንጥቅ አግኝቷል። ከማዘዛችሁ በፊት የማሽናችሁ እጀታ ማሽኑ ላይ የሚቆለፍበት ስንት ጆሮ እንዳለው ቁጠሩ፤ 51 ሚሊ ሜትር የተባለው ሁሉ አይገጥምም። ስንጥቁን የሚቀንሰው የተፈጨውን ቡና በቀጫጭን መርፌ ማማሰል ነው። የሱቁን መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ከቀላል የአኩስቲክ ጊታር ክሮች አንደኛውን፣ ውፍረቱ 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ቆራርጣችሁ ስድስት ያህሉን ቡሽ ላይ ሰኩ። የልብስ መርፌ ወፍራም ስለሆነ ቡናውን ያርሰዋል እንጂ አያላላውም። ከታች ጀምራችሁ እያዞራችሁ ወደ ላይ ውጡና ከዚያ ጠቅጥቁ።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ መጠቅጠቂያ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያልተጠቀጠቀ ቀለበት ይተዋል። የወንፊቱን የውስጥ ስፋት በካሊፐር (በሚሊ ሜትር መለኪያ መሣሪያ) ለክታችሁ የብረት ግዙ። ቡናው ላይ የሚቀመጠው የብረት ወንፊት የቡናውን ራስ በንጽህና ከመጠበቅ በቀር ብዙ አይጨምርም፤ 1.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው በዴዲካ ወንፊት ውስጥ ቡናውን 1 ግራም ያህል ካልቀነሳችሁ ይጣበቃል።

ኤሌክትሪኩን ሳናነሳ አናልፍም። ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ስትገዙ ከማሽኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 110 ቮልት ከሆነ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይቀይርም፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ፓምፕ በእኛ 50 ኸርዝ ምቱ ስለሚቀንስ ውሃ የመግፋት አቅሙ ይወርዳል። መብራት ሲዋዥቅም ፓምፑ አቅም ያጣል፤ ከ1,200 እስከ 1,400 ዋት ለሚወስዱት ለእነዚህ ማሽኖች 3,000 ቪኤ (ቮልት አምፔር) ስታቢላይዘር አስተማማኝ ነው።

ጋጂያ ላይ የሙቀት መቆጣጠሪያ ፒአይዲ ማስገጠም ደህና ማሻሻያ ነው፤ የፋብሪካው ቴርሞስታት ሙቀቱን በሰፊው ስለሚያዋዥቀው። ግን ስታስተካክሉት የፈላ ውሃን 100 ዲግሪ አድርጋችሁ አትነሱ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወደ 1,900 ሜትር በምትጠጋው ሐረር ደግሞ 94 ሳይሞላ። ይህ ፒአይዲ ለሌለውም ይጠቅማል። እጀታውን ሳትሰኩ ውሃውን ልቀቁት፤ መጀመሪያ ከእንፋሎት ጋር ይንፈቀፈቃል። ሐረር ላይ መንፈቅፈቁን አቁሞ በጸጥታ መውረድ ሲጀምር 94 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፣ ለቡናው የሚፈለገውም እሱ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ጸጥ ሲል ገና 96 ስለሆነ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጨምራችሁ አፍስሱና እጀታውን ስኩ።