ብረት ድስት፣ ስቴንለስ፣ ቴፍሎን ወይስ ሸክላ? የወጥ ቤት ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ገበያ ገብታችሁ «ብረት ድስት አለ?» ብትሉ ነጋዴው ከመደርደሪያው የሚያወርድላችሁ አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። ስሙ ብረት ይባል እንጂ ብረት አይደለም። ከሸክላው ለመለየት «ብረት» ተባለ፣ እኛም ስሙን ይዘን ቀጠልን። እኔ ይህን ያወቅሁት እርጉዝ ሆኜ ደም ማነስ ተገኘብሽ ስባል ነው። አንዲት ጎረቤቴ «በብረት ድስት አብስዪ፣ ደም ይሞላል» አለችኝ። ቤት ያሉኝ ድስቶች ሁሉ ብረት ስለመሰሉኝ ምንም ሳልቀይር ወራት አለፉ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ዕቃው ከምን እንደተሠራ እጠይቃለሁ።

ነጋዴው ካላወቀ በእጃችሁ እወቁት። አልሙኒየም ቀላል ነው፣ ነጣ ያለ ግራጫ ነው፣ ማግኔት አይዘውም። እውነተኛው ብረት ጥቁርና ከባድ ነው፣ ማግኔት ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ስቴንለስ፣ አይዝጌ ብረት የምንለው፣ ያብረቀርቃል፣ ከአልሙኒየም ይከብዳል፣ ማግኔቱ ግን እንደ ዓይነቱ ሊይዘውም ላይዘውም ይችላል። ፍሪጅ በር ላይ የምትለጠፈዋ ትንሽ ማግኔት ትበቃለች። ገበያ ስትወጡ ቦርሳችሁ ውስጥ ጣል አድርጓት።

ለወጥ፦ አልሙኒየም ወይስ ስቴንለስ?

አልሙኒየም ርካሽ ነው። ቶሎ ይግላል፣ የድግስ ድስት እንኳ ሆኖ ለማንሳት አይከብድም። ይህን ሁሉ አልክድም። ችግሩ ጎምዛዛና ጨዋማ ነገር ሲነካው ወደ ምግቡ መልቀቁ ነው፣ የእኛ ወጥ ቤት ደግሞ ከጎምዛዛና ከጨው አይርቅም፦ የቲማቲም ስልስ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ የሚገባ ዶሮ፣ እሳት ላይ ሰዓታት የሚቆይ ቁሌት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2008 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1 ሚሊግራም አልሙኒየም ነው። ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን ያስወጣዋል። ቤታችሁ የኩላሊት ሕመምተኛ ካለ ግን በአልሙኒየም ድስት ማብሰሉን ተዉት። «የመርሳት በሽታ ያመጣል» የሚባለው አልተረጋገጠም፣ በእሱ አትሸበሩ።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ድስቱ ከምን ዓይነት አልሙኒየም እንደቀለጠ አለመታወቁ። ከውዳቂ የሞተር ክፍልና ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጠው በእጅ የሚወጡ ድስቶች እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል፣ ያ መርዛማው ሊድ ማለቴ ነው። ካሜሩን ውስጥ በእንደዚህ ያሉ ድስቶች ላይ በተደረገ ምርመራ ተገኝቷል። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል ያለበት ኪንግ ካውንቲ ውስጥ፣ የጤና ባለሙያዎች በአፍጋን ስደተኛ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ለምን እንደበዛ ሲፈልጉ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ያገኙት ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን የአልሙኒየም ድስትና ፕሬሸር ኩከር ነው። ግዛቷም በ2024 እ.ኤ.አ. በማብሰያ ዕቃ ውስጥ ያለ እርሳስን የሚገድብ ሕግ አወጣች። የእኛም ሰው በዚያች ከተማ ብዙ ነው፣ ድስት በሻንጣ ይዞ መሄድም ልማዳችን ነው። ለልጅ አእምሮ «ይህን ያህል እርሳስ ችግር የለውም» የሚባል መጠን እስካሁን አይታወቅም።

ስለዚህ የግድ አልሙኒየም ከሆነ የምትገዙት፣ የፋብሪካ ምልክት ያለበትን፣ ወፈር ያለውንና ውስጡ ልሙጥ የሆነውን ምረጡ። ዳርና ዳሩ እኩል ያልሆነ፣ ውስጡ እንደ አሸዋ የሚሻክርና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ካያችሁ መልሱት።

አሁን ብዙ ሰው የማይወደውን ልናገር። ድስትን በሽቦ ፈትጎ እንደ መስታወት ማብረቅረቅ እኛ ዘንድ የባለሙያነት ምልክት ነው። አልሙኒየም ላይ ግን ጉዳት ነው። ላዩ ላይ በራሱ የሚፈጠር ስስ ሽፋን አለ፣ ያ ሽፋን ነው ከምግቡ የሚለየው፣ በሽቦ ስትፈትጉት ይነሳል። ውሃ ሲፈላበት ውስጡ ቢጠቁር ቆሻሻ አይደለም፣ ተዉት። በለስላሳ ስፖንጅ ይታጠብ። ወጡም ከበሰለ በኋላ ድስቱ ውስጥ አይደር፣ ወደ ብርጭቆ ወይም ስቴንለስ ዕቃ ገልብጡት።

ስቴንለስ በዋጋ ይወደዳል፣ ግን አንዴ ከገዛችሁት ልጃችሁ ጎጆ ስትወጣ ታወርሷታላችሁ። ሎሚም ቲማቲምም ያን ያህል አይበግረውም፣ ወጥ ቢያድርበትም አያሳስብም። ታቹ ላይ 18/10 የሚል ካለ 18 በመቶ ክሮምየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ርካሽ የጆሮ ጌጥ ስታደርጉ ጆሯችሁ የሚቆስል ከሆነ ኒኬል አይስማማችሁ ይሆናል፣ 18/0 የሚለውን ፈልጉ፣ ማግኔት የሚይዘው እሱ ነው። አዲስ ስቴንለስ የሚለቀው ኒኬል በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማብሰሎች ላይ ይበልጣል፤ እኔ አቸቶ የገባበት ውሃ ሁለት ሦስቴ አፍልቼበት እደፋና ነው ወደ ወጥ የማስገባው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስስ ስቴንለስ ለሐበሻ ወጥ አይሆንም። ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት ማለት የድስቱን ታች መፈተን ማለት ነው፣ ስሱ በአምስት ደቂቃ ያሳርረዋል፣ ከዚያ «ስቴንለስ አይረባም» ብላችሁ ወደ አልሙኒየሙ ትመለሳላችሁ። ታቹ ወፍራምና ድርብርብ የሆነውን ግዙ። በድርብርቡ መሃል ሙቀት የሚያዳርስ አልሙኒየም አለ፣ ግን ምግቡን አይነካም። ሱቅ ውስጥ ገልብጡና በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት። ስሱ ይጮሃል፣ ወፍራሙ ድምፁ ድፍን ነው። ለወጥ ምርጫዬ ይህ ነው፣ ሳልጠራጠር።

ቡና ለመቁላት፦ ብረት ወይስ ቴፍሎን?

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ላላችሁ። በቴፍሎን መጥበሻ ቡና አትቁሉ። ቆሎም፣ አብሽም፣ ምንም ደረቅ ነገር።

ቴፍሎን፣ ምግብ እንዳይይዝ መጥበሻው ላይ የሚቀባው ሽፋን፣ እስከ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይቋቋማል። ከዚያ በላይ መበላሸት ይጀምራል፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድም የሚለቀው ጋዝ የቤት ወፍ ይገድላል፣ ሰውን ደግሞ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊያስይዘው ይችላል። ውሃ ወይም ወጥ ያለበት መጥበሻ እዚያ ሙቀት ላይ አይደርስም። ባዶ ወይም ደረቅ ነገር የያዘ መጥበሻ ግን ኃይለኛ እሳት ላይ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። ቡና ደግሞ ገና ለመቆላት ብቻ ከ200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ጭሱ ለእንግዳ እየዞረ የሚሸተት ነገር ነው፣ የምንጋብዘው የቡናውን ብቻ ይሁን።

«ከፒኤፍኦኤ ነጻ» የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ። ፒኤፍኦኤ ቴፍሎን ሲሠራ ያገለግል የነበረ ኬሚካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ለሰው ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ አምራቾች እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ትተውታል፣ ስለዚህ ጽሑፉ አዲስ ነገር አይነግራችሁም። ቴፍሎን ራሱ ግን የዚያው ፒፋስ የሚባለው፣ ተፈጥሮ በቀላሉ የማትፈጨው የኬሚካል ቤተሰብ ነው። የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረበት ማብሰያ እንዳይሸጥ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። «ሴራሚክ» ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ሽፋን የተሻለ ነው፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው፣ ማጣበቅ ሲጀምር መለወጥ ነው።

የብረት ምጣድ ከባድ ነው፣ ውሃ ካደረበት ይዝጋል፣ ቲማቲም ከቆየበት ምግቡ ይጠቁራል፣ ብረት ብረትም ይላል። ለደረቅ ነገር ግን አቻ የለውም። ከታጠበ በኋላ እሳት ላይ አድርቃችሁ ዘይት ቀባ ብታደርጉት በየጊዜው እየለሰለሰ ይሄዳል። ጎረቤቴ ያለችውም እውነት ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ለአንዳንዱ ቤተሰብ የብረት ድስት፣ ለሌላው አልሙኒየም ተሰጠ፣ በብረቱ ከበሰለው የበሉት ሕፃናት የደም ማነሳቸው ይበልጥ ተሻሻለ። ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን ግን አይተካም።

ለእንጀራ፦ የሸክላ ምጣድ ወይስ ቴፍሎን?

የሸክላ ምጣድ እንጀራ እንዳይይዝ የሚያደርገው የጎመን ዘር ነው። ተፈጭቶ፣ በማሰሻ ታሽቶ፣ ሸክላው ውስጥ ገብቶ ይጠቁራል። ከዚህ የተሻለ ተፈጥሯዊ ሽፋን አላውቅም። አዲስ ስትገዙ በቀስታ አሙቁት፣ ደጋግማችሁ አሟሹት፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እንጀራዎች እንደሚጣሉ ቁጠሩት። መቸኮል ነው ምጣድ የሚሰነጥቀው። ስትገዙም አንጠልጥላችሁ በጣት ምቱት፣ የተሰነጠቀ ድምፁ የታፈነ ነው። ቀለም ቀለም የሚሸት ወይም እጅ የሚያጠቁር ካጋጠማችሁ ተዉት። የቀጨኔም የጎንደር ወለቃም ሸክላ በባህሉ መስታወት መሳይ ቅብ የለውም። ያ የሚያብረቀርቅ ባለቀለም ቅብ ነው አንዳንዴ እርሳስ የሚኖርበት፣ ስለዚህ ከውጭ የመጣ ጌጠኛ የሸክላ ድስት ለጌጥ ይሁን።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል። ሸክላው ተሰንጥቆ ሽቦው ከታየ ያንኑ ቀን አቁሙት፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል። መስመራችሁም ይህን መሸከሙን በባለሙያ አስዩ። ቢሆንም ከማገዶው ይሻላል፣ በብዙ ይሻላል። ስለ ድስት ስንጨነቅ ጭሱን መርሳት የለብንም፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ የማገዶና የከሰል ጭስ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው ገድሏል። ገንዘባችሁ ለስቴንለስ ድስት ወይም ለኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ የምትጋግሩትም በማገዶ ከሆነ፣ ምጣዱ ይቅደም። ከሰልንም በተዘጋ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታንድዱ፣ ሽታ በሌለው ጋዙ ተኝተው የቀሩ አሉ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሸክላ በአውሮፕላን ሲሰበርባችሁ ቴፍሎን ምጣድ መግዛታችሁን አልፈርድበትም። እንጀራ የሚጋገረው 200 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ምጣድ ከ260 በታች ይቆያል። ባዶውን ለረጅም ጊዜ አታግሉት፣ በቢላ ወይም በሹካ አትነካኩት፣ እንጀራውን በሰፌድ አውጡት። ሽፋኑ መላጥ ሲጀምር አትሳሱለት።

ለሊጥ፦ የትኛው ባልዲ?

ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ቤት ያየሁት ስህተት ነው። ሊጥ ለሁለት ለሦስት ቀን ይቦካል፣ ይኮመጥጣል። የሚቀመጥበት ባልዲ ታዲያ ቀለም የነበረበት ነው! ምንም ያህል ብታጥቡት ፕላስቲኩ ሽታውን እንደያዘ ነው። ለምግብ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ የብርጭቆና የሹካ ምልክት አለው፣ እሱን ፈልጉ። ከተቻለ ክዳን ያለው ስቴንለስ ወይም የድሮው ቡሃቃ ይሻላል። ትኩስ እንጀራም ፌስታል ውስጥ አይግባ፣ ሰፌድ ላይ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ሞሰብ።

አሮጌ ዕቃችሁን በአንድ ቀን ማውጣት የለባችሁም። መጀመሪያ የተላጠው ቴፍሎን ይውጣ፣ ቀጥሎ ከየት እንደመጣ የማይታወቀው በእጅ የቀለጠ ድስት። የፋብሪካው አልሙኒየም ድንች መቀቀያ፣ እንቁላል መቀቀያ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ያ በእጅ የቀለጠው ግን ለምግብም ለመጠጥ ውሃም አይሁን። አመድ ማውጫ አድርጉት።