ትኬት ከመሸጣቸው በፊት ፓስፖርቴን ለጠየቁኝ እትዬ

ከጉዞ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ሻንጣው ገና በቅጡ አልተራገፈም። ይህን ሳልጽፍ ወደ ሥራ ሩጫዬ ከገባሁ ሳላመሰግን እንደምቀር ስለማውቀው፣ ዛሬ ልጄ እንደተኛ ተቀምጬ ጻፍኩት።

ላመሰግናቸው የምፈልገው እዚህ አሜሪካ ትኬት ቢሮ ያላቸውን አንዲት እናት ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚያውቋቸው ከአነጋገራቸው ያውቋቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጸደይ ወራት ሲቲዝን ለመሆን መሐላ ፈጸምኩ። ወደ አዳራሹ ስንገባ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ሠራተኛ ግሪን ካርዴን ተቀበለችኝ። ለዓመታት ከቦርሳዬ ተለይቶ የማያውቅ ካርድ ነው። ስሰጣት እጄ ትንሽ ዘገየ። መሐላው ሲያልቅ የዜግነት ሰርተፊኬቱን ሰጡን፤ ወፍራም ወረቀት፣ ፎቶዬ ያለበት። በዚያች ሰዓት ከዚያ ወረቀት ሌላ የሚያስፈልገኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

የታናሽ እህቴ ሠርግ 7 ሳምንት ቀርቶት ነበር። በዚያው ዕለት ማታ እትዬ ጋ ደወልኩ። ስልካቸውን የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሁለት ትኬት፣ ለእኔና ለ9 ዓመቱ ልጄ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ደርሶ መልስ አልኳቸው። ቁጥሩን ላነብላቸው የባንክ ካርዴን አውጥቼ ይዤ ነበር።

"እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ" አሉኝ። ቀጥለው፣ "ፓስፖርቱ እጅሽ ገብቷል?"

"ገና ነው። ሰርተፊኬቱ ግን አለኝ።"

"ግሪን ካርዱስ?"

"ዛሬ ተቀበሉኝ።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው "እና ልጄ፣ በምን ልትመለሺ ነው?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በአሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ እሄዳለሁ፣ ስመለስ ሰርተፊኬቱን አሳያለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። እንዲያ ብለው የመከሩኝ ሰዎችም ነበሩ። በክፋት አይደለም፤ እነሱም የሰሙትን ነው የነገሩኝ።

እትዬ አንድ በአንድ አስረዱኝ። ሰርተፊኬቱ ዜግነትን ያረጋግጣል እንጂ የጉዞ ሰነድ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ዜጋው ከአገር ሲወጣም ሲገባም የአሜሪካ ፓስፖርት እንዲይዝ ያዛል። አየር መንገዱ ደግሞ መግቢያ ሰነድ የሌለው ሰው ካሳፈረ የሚቀጣው እሱ ስለሆነ አያሳፍርም። "ቦሌ ላይ ልጅሽን ይዘሽ ቆመሽ ትቀሪያለሽ" አሉኝ። የኢትዮጵያው ፓስፖርት ቢሆንም ቀኑ ስላላለፈ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። በዜግነት አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። "ስትምዪ ያ ፓስፖርት መጓዣነቱ አብቅቷል። እንዳትጥዪው ግን፤ ኋላ ይፈለጋል" አሉኝ።

ትኬቱን ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። እኔ እኮ ለመክፈል ተዘጋጅቼ ነበር የደወልኩት! አልሸጡልኝም። "ፓስፖርቱ ሲመጣ ደውዪልኝ። እስከዚያ ገንዘብሽ እጅሽ ላይ ይቆይ፤ ዋጋውን እኔ እያየሁ እነግርሻለሁ" አሉ። እንዳሉትም በየሳምንቱ ደወሉ።

ይህን የማደንቀው ተቃራኒውን ስለማውቅ ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ትኬት ስንቆርጥ የአክስቴን ልጅ ስም ገልብጠው ጻፉባት። ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ስልክ የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ለማስተካከያው እንደገና ከፍላ ነው የሄደችው።

ፓስፖርቱን ስለማውጣት እትዬ የሰጡኝ ምክር ብቻውን ምስጋና ይገባዋል። ለዚያ አንድ ሳንቲም አልከፈልኳቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው በአካል መቅረብ አለበት። ማመልከቻ የሚቀበል ፖስታ ቤት ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቀጠሮ ይያዛል። የሚሞላው ዲኤስ 11 የሚባለው ፎርም ነው። "ቤትሽ እንዳትፈርሚው" አሉኝ፤ ፊርማው የሚፈረመው ተቀባዩ ሠራተኛ ፊት ነው። ፎቶው 2 በ2 ኢንች፣ መነጽር ተወልቆ። ክፍያው ለሁለት ይከፈላል፤ ለአዋቂ 130 ዶላር ለስቴት ዲፓርትመንት በቼክ ወይም በመኒ ኦርደር፣ 35 ዶላር ደግሞ ለሚቀበለው ቢሮ ለብቻው። እንዲፈጥን ለሚፈልግ 60 ዶላር ይጨመራል። ሠርጉ ስለደረሰ እኔ ጨመርኩ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሰርተፊኬቱ ነበር። ዋናው ራሱ ከማመልከቻው ጋር ይላካል። ስንት ዓመት የጠበቅኩትን ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትቼ ልሰናበተው ነው? ቢጠፋ ምትኩን ማውጣት ከ500 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ኮፒውም አብሮ ይጠየቃል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ኮፒ ማድረግ እንደሚያስቀጣ ተጽፏል። ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ጨነቀኝና ደወልኩላቸው። "ለፓስፖርት ማመልከቻ ኮፒ ማድረግ ሕጋዊ ነው። ሁለት አድርጊ፤ አንዱን ቤት አስቀምጪው" አሉኝ። ማሽኑ ሁለቱንም እስኪያወጣልኝ ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁኝ። ከጀርባቸው ሌላ ስልክ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር።

የልጄ ጉዳይ ደግሞ ጨርሶ ያላሰብኩት ነበር። ግሪን ካርድ ስላለው ለእሱ ለብቻው ሲቲዝንሺፕ የማመለክትለት መስሎኝ ነበር። "ዕድሜው ከ18 በታች ነው፣ ግሪን ካርድ አለው፣ ካንቺ ጋር ይኖራል። አንቺ ስትምዪ እሱም ዜጋ ሆኗል" አሉኝ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ነው። ለእሱ ፓስፖርት ግን የእኔ ሰርተፊኬት፣ የእሱ የልደት ምስክር ወረቀት ከትርጉሙ ጋር፣ ግሪን ካርዱም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን ማመልከቻ በአንድ ቀጠሮ እንድናስገባ መከሩኝ። ያለዚያ የእኔ ሰርተፊኬት እስኪመለስ እሱ ሊጠብቅ ነው። ከ16 ዓመት በታች ስለሆነም ሁለታችንም ወላጆች መገኘት ነበረብን፤ ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ወሰደ። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ እንደሆነ፣ የአዋቂው ደግሞ 10 እንደሆነ ያወቅኩትም ያኔ ነው።

ሁለቱም ፓስፖርቶች በአራተኛው ሳምንት መጡ። እትዬ መጀመሪያ ያሉኝ "እንኳን ደስ ያለሽ" አይደለም፤ "ፈርሚበት" ነው። ሁለተኛው "ስሙን ፊደል በፊደል አንብቢልኝ" የሚል ነበር። ሲቲዝን ስሆን የአያቴን ስም አስወጥቼ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጌ ነበር። የጉዞ ነጥብ የሚጠራቀምበት የአየር መንገዱ የማይል አካውንቴ ግን አሁንም የድሮውን ስም ይዞ ነበር የተቀመጠው። እሱን ሳያስተካክሉ ትኬቱን አልቆረጡም። የልጄ የቤተሰብ ስም ከእኔ እንደሚለይም ያኔ አስተዋሉ። "አባቱ አብሯችሁ የማይሄድ ከሆነ የፈቃድ ደብዳቤ ይጻፍና ኖተራይዝ ይደረግ፣ ማለት ፊርማው በውል አረጋጋጭ ይረጋገጥ" አሉ። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ተጠየቅኩ። አውጥቼ ሰጠሁ፤ አነበቡት፣ መለሱልኝ፣ አለፍን። ያ ደብዳቤ ባይኖር ምን ሊሆን እንደሚችል አሁንም ሳስበው ሆዴ ይፈራል።

ወደ ኢትዮጵያ መግቢያውስ? አሜሪካዊ ሆኜ ወደ ተወለድኩበት አገር ቪዛ መጠየቅ ከባድ ነበር፤ አልደብቅም። እትዬም ይህን ስሜት ያውቁታል። "እኔም የመጀመሪያ ጊዜ አልቅሻለሁ" አሉኝ። ከዚያ መንገዱን አሳዩኝ። በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ነው። የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይቀመጣል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። እሱን ለማውጣት ትውልድን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። "አሮጌውን ፓስፖርት እንዳትጥዪ" ያሉኝ ለዚህ ነበር።

ሠርጉ ስለደረሰ ግን ለዚህ ጉዞ ኢ-ቪዛ እንድንወስድ፣ ቢጫ ካርዱን ተረጋግቼ ኋላ እንዳወጣ መከሩኝ። የኢ-ቪዛውን ማመልከቻ በስልክ አብረን ሞላነው። አንድ ነገር ደጋግመው አስጠነቀቁኝ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ መንግሥታዊ የሚመስሉ፣ ግን የራሳቸውን ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ ገጾች ይመጣሉ። ትክክለኛው መጨረሻው "ጎቭ ዶት ኢቲ" የሆነው ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ልጫን ስል ነው ያስቆሙኝ።

ለማመስገን ብዬ አላጋንንም። የእትዬ ዋጋ ሁልጊዜ ከሁሉም የረከሰ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ በ45 ዶላር የሚያንስ አይቼ ነበር። እሳቸው ጋ ቆረጥኩ፤ ደስ ብሎኝ። ቴክስት ቶሎ አይመልሱም፤ መደወል ይሻላል። በበዓል ሰሞን መስመሩ ስለሚያዝ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ጠበቃም አይደሉም፤ ነኝም አይሉም። አንድ ጓደኛዬ ያላለቀ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ይዛ ስትጠይቃቸው "ይህ የኔ ሥራ አይደለም ልጄ፤ ጠበቃ ሳታማክሪ ከአገር እንዳትወጪ" ብለው ነው የመለሷት። በዚያም ትኬት አልሸጡም።

ሠርጉ ላይ ደረስኩ። እህቴን ለብሳ ስትወጣ ከእናቴ አጠገብ ቆሜ አየኋት። ልጄ አያቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል አቀፋት።

እኛ እዚያ እያለን ሰርተፊኬቱ በሌላ ፖስታ ተመልሶ ቤት ደርሷል። ፓስፖርቱና ሰርተፊኬቱ ለየብቻ ነው የሚላኩት፤ እንዳትደነግጡ። ይህንንም እትዬ ቀድመው ነግረውኝ ነበር። ተመልሼ በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጠራ፤ እሳቸው ናቸው። ከእኔ የቀራቸው ክፍያ የለም፣ የምገዛው ትኬትም የለም። "ሰርተፊኬቱ ተመለሰ ወይ? ሳላጣራ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ" አሉኝ።

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

አዲስ ሲቲዝን የሆናችሁ፣ ወይም መሐላችሁ የቀረበ፣ ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ፓስፖርታችሁ ካልመጣም ደውሉላቸው፤ ምን እንደምትጠብቁ ይነግሯችኋል። ከመጣ ግን ከፊታችሁ አስቀምጡትና ደውሉ። ስሙን ፊደል በፊደል ያስነብቧችኋል።