ሎሚዬን ከመጋዝ ላተረፉልኝ አትክልተኛ

ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ውለታ ስላለብኝ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ለምነውኛልና አላወጣም፤ ጓሮ ኖሯችሁ ውርጭ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ግን ጠይቁኝ፣ ከእሳቸው ጋር አገናኛችኋለሁ። በዕድሜ ገፋ ያሉ አትክልተኛ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው የብርድ ወቅት ነው። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ውርጭ ጣለ። በመጀመሪያው ጠዋት ስወጣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጥቷል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ቲማቲሙም ቃሪያውም የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተልፈሰፈሰ። እነሱስ የአንድ ወቅት ተክል ናቸው። አንጀቴን የበላችኝ ሎሚዋ ናት። ልጄ በተወለደች ዓመት በእጄ የተከልኳት ዛፍ በሳምንት ውስጥ ቅጠሏ ደርቆ ረገፈ፣ የቅርንጫፎቿ ጫፍ ቡናማ ሆነ። መጥቶ ያያት አንድ ባለሙያ «ሞታለች፣ ከሥሯ ትቆረጥ» አለኝ። የመቁረጫውን ቀን ሁሉ ቀጥረን ነበር።

ቀኑ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቴ «እስቲ እሳቸው ይይዋት» ብላ ጋሼን ይዛ መጣች። እንደገቡ ብዙም ሳያወሩ ወደ ሎሚዋ ሄዱና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቅርፊቷን ፋቅ ማድረግ ጀመሩ። ጫፉ ላይ ውስጡ ቡናማ ነው። ወረድ ሲሉም ቡናማ። ክንድ ያህል ዝቅ ብለው ሲፍቁ ግን እርጥብ አረንጓዴ ወጣ። «ነይ እዪ ልጄ፣ ይህ አረንጓዴ ሕይወት ነው። መጋዙን ተዪው» አሉኝ። ያኔ የተሰማኝን መግለጽ አልችልም።

አሁኑኑ ይቁረጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ የደረቀውን ማየት አስጠልቶኛል። እምቢ አሉ። ምክንያታቸውንም አስረዱኝ፦ የሞተው ክፍል የት ላይ እንደሚያበቃ ገና አይታወቅም፤ ዛሬ አረንጓዴ የመሰለው ነገ ሊደርቅ፣ የደረቀ የመሰለው ሊያቆጠቁጥ ይችላል። የደረቀው ቅርንጫፍም ቢሆን ሌላ ውርጭ ቢመጣ ከሥሩ ያለውን ይከልልለታል። ደግሞ መቁረጥ ተክሉን ያነቃቃዋል፤ የሚወጣው ለጋ ቡቃያ ደግሞ ብርድ ቀድሞ የሚመታው እሱን ነው። ማዳበሪያም በዚሁ ምክንያት ብርዱ እስኪያልፍ ከለከሉኝ። የዚያን ዕለት ገንዘብ ስሰጣቸው «ምን ሠራሁ?» ብለው መለሱልኝ። ቆርጠው ቢከፈላቸው ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

ብርዱ ካለፈ በኋላ ቡቃያው ሲወጣ ተመልሰው መጡና ሕይወት ካለው በላይ ያለውን ብቻ ቆረጡ። ከግንዱ ግርጌ፣ ሎሚዋ ሥር እንዲሆናት ከሌላ ዛፍ እንጨት ጋር ከተጋጠመችበት በታች የወጣውን ጠንካራ ቡቃያ ግን ነቀሉት። እኔ በሱ ነበር ደስ ያለኝ፤ ለካ ሎሚው ሳይሆን ሥር የሆናት እንጨት ቡቃያ ነው፣ ቢተው ኖሮ እሷን ውጦ ያድግ ነበር።

ከሁሉ የማመሰግናቸው ግን ስላስተማሩኝ ነው። ጓሮውን ዞረው ካዩ በኋላ የጠየቁኝ «አብዝቶ የመታሽ የት ነው?» የሚል ነው። ታችኛው ጥግ፣ ጥቅጥቅ ያለው የአጥር ተክል ሥር እንደሆነ ነገርኳቸው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይፈሳል፤ የሚያግደው ሲያገኝም ይተኛል። የኔ አጥር ግድብ ሆኖበት ኖሯል! የአጥሩን ግርጌ ቅርንጫፍ መልምለው ማለፊያ ከፈቱለት፣ ለጋዎቹን ተክሎች ከዚያ ጥግ አንስተን ከፍ ወዳለው መደብ አዛወርናቸው።

ቴርሞሜትሬን በረንዳ ላይ በቁመቴ ልክ ሰቅዬ፣ ያን ሌሊት 3 ዲግሪ አይቼ ተኝቻለሁ። እንዴት ውርጭ ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬትና ቅጠል ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል፣ ቅጠሉ ራሱ ደግሞ ከአየሩም ይብሳል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ እያለ ቅጠሉ ላይ ውሃ ረግቶ በረዶ ሊሆን ይችላል። አሁን አንድ ሌላ ቴርሞሜትር መደቡ ላይ፣ አፈሩ አጠገብ አለኝ። ደመና ካለ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሆነ አልሰጋም፤ ቀለል ያለ ነፋስም ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር እያወረደ ይረዳል። ከሩቅ ብርድ ይዞ የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለሱ ተክሉን በጨርቅ መሸፈን ብዙም አይበቃውም፣ በዕቃ የተተከለውን ወደ ቤት ማስገባት ነው የሚሻለው።

ጨርቅ ካልኩ ዘንድ፣ እኔ ሎሚዋን ሸፍኛት ነበር። አንሶላውን አናቷ ላይ ጥዬ ግንዷ ላይ ሸብ አድርጌ አስሬዋለሁ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው በትዕግሥት አስረዱኝ፦ በሌሊት ሙቀት የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ግንዱ ላይ ካሰርሽው ሙቀቱን ከውጭ አስቀረሽው ማለት ነው። ጨርቁ እስከ መሬት ወርዶ፣ ዳሩ በድንጋይ ተይዞ፣ እንደ ድንኳን መሆን አለበት። አፈሩ የቀኑን ሙቀት ሳይጨርስ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይሸፈናል፤ ጠዋት ሞቅ ሲል ይገለጣል። አሮጌ አንሶላ፣ ጆንያ፣ ብርድ ልብስ ሁሉም ይሆናል። ላስቲክ ከሆነ ግን ቅጠል እንዳይነካ ከሥሩ እንጨት ይተከልለት፤ የነካው ቅጠል በብርድ ይቃጠላል።

አፈሩን በቀን፣ ገና ፀሐይ እያለ እንዳጠጣም ነገሩኝ። ደረቅ አፈር ውስጡ አየር ስለሆነ ሙቀት አይዝም፤ እርጥቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። የሣር ጉዝጓዝ ለሥር ጥሩ ልብስ ነው፤ ግን ሙቀቱን አፈር ውስጥ ስለሚያስቀር ከላይ ያለው ቅጠል ይበርደዋል። ስለዚህ ውርጭ በሚያሰጋበት ሰሞን ከለጋዎቹ ሥር ቀን ቀን ገለጥ አደርገዋለሁ።

አንድ የሚከብደኝን ነገር ልናገር። በሁለተኛው ሌሊት ውሃ መርጨት ይረዳል ሲባል ሰምቼ ተነስቼ ሎሚዋን በጎማ ግማሽ ሰዓት ያህል ረጨኋትና ተመልሼ ተኛሁ። ጋሼ እንደነገሩኝ ውሃ ሲረጋ በርግጥ ሙቀት ይለቃል፣ ትልልቅ እርሻዎች የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው። 1 ኪሎ ውሃ ሲረጋ የሚሰጠው ሙቀት 334 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ ያው 1 ኪሎ ውሃ ሲተን ግን ወደ 2,500 ኪሎ ጁል ይወስዳል። መርጨቱ ከተቋረጠ ትነቱ ያሸንፍና ተክሉ ካልተረጨው የባሰ ይቀዘቅዛል። የጀመረ ሰው በረዶው በራሱ እስኪቀልጥ ማቆም የለበትም፤ ያኔም ቢሆን የበረዶው ክብደት ቅርንጫፍ ይሰብራል። በአንድ ጎማ ለሚያጠጣ ጓሮ አይመክሩትም። ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም።

ጨርቄን ለማይፈልገው እንዳላባክንም ለዩልኝ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ቀላል ውርጭ ይችላሉ፤ ጎመኑማ ስኳር ስለሚያጠራቅም ይጣፍጣል። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ በሶብላ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ውርጭ አይችሉም።

ዘንድሮ ብርዱ ተመለሰ። በአንደኛው ሌሊት የመደቡ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ወርዶ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያስቀመጥኩት 0 ላይ ነበር። መሸፈን የረሳሁት በሶብላ ሄደ። ሎሚዋ አንድ ቅጠል አልጣለችም።

ስለ ሥራቸው ልታውቁት የሚገባ፦ ዋጋቸውን ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፣ ከዚያ አይጨምሩም። መቀሳቸውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ ያጸዳሉ። ውርጭ በጣለ ማግስት ብትደውሉ ግን አታገኟቸውም፤ ሁሉም ያን ቀን ነው የሚፈልጋቸው፣ ስለዚህ ብርዱ ሳይገባ አስቀድማችሁ ጥሯቸው። አበባ በቅርጽ መከርከምና ጓሮ ማስዋብ ሥራቸው አይደለም፤ ለሱ ሌላ ሰው ፈልጉ። ዛፋችሁ በእውነት ሞቶ ከሆነም ፊት ለፊት ይነግሯችኋል፤ የጎረቤቴን አቮካዶ ፍቀው አይተው፣ እስከ ሥሯ ቡናማ ስለነበረች፣ «አትድከሚ» ብለዋታል።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ሰማዩን አየሽው? ጥርት ብሏል፣ ነፋስም የለም። ጨርቅሽን አውጪ» አሉኝ። ሸፍኜ ገብቼ ነው ይህን የምጽፈው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።