ቱሉ ዲምቱ ያሉት አምፕ ሠሪ እና የኔ ስታንድባይ

በሠርግና በሆቴል ጊታር እጫወታለሁ። አምፔ፣ ማለትም የጊታሬ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ባለ 40 ዋት ነው፤ ከኋላው 6ኤል6 የሚባሉ ሁለት ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉ፣ እንደ አምፖል የሚግሉ ብርጭቆዎች) ተሰክተውበታል። ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ትራንስፎርመሩን የትም ይዤው እዞራለሁ። ሁለት ማብሪያ አለው፦ አንዱ ፓወር፣ አንዱ ስታንድባይ፣ አምፑ በርቶ ሳለ ድምፁን ብቻ የሚያቆመው። ጣጣው የመጣው በሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ስታንድባዩን ስከፍት "ጯ!" ይል ጀመር። ቆይቶ ዘፈን መሀል ድምፁ እየሄደ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ሙሽሮቹ ሲገቡ ጭራሽ ጸጥ አለ። ማብሪያውን በጣቴ ተጭኜ ስይዘው ይሠራል፤ ግን በአንድ እጅ አንቺሆዬ አይመታም።

መሀል ከተማ አንድ ቤት ወሰድኩት። ሳይከፍቱት "ቲዩቡ በሙሉ አልቋል፣ ይቀየር" አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ አምፔን አንስቼ ወጣሁ።

ቱሉ ዲምቱ ያሉትን ሰውዬ የነገረኝ ኪቦርድ ተጫዋች ጓደኛዬ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ሱቅ ናት። ታፔላ የላትም። ውስጧ ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች ሞልተዋል። ዕድሜያቸው ገፋ ስላለ ጋሼ ነው የምላቸው።

አምፑን ከፍተው እጃቸውን ከማስገባታቸው በፊት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ካፓሲተሮች በሬዚስተር አራገፏቸው። "ከሶኬት ነቅለኸውም ይገድልሃል፣ ቤትህ እንዳትነካካው" አሉኝ። ከዚያ የስታንድባዩን ማብሪያ ፈተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ውስጡ ያሉት ትንንሽ የብረት ምላሶች ጠቁረዋል። የአንዱ ጫፍ ቀልጦ እንደ ሽንብራ ተድቦልቡሏል። ላዩ ላይ 250 ቮልት ኤሲ ይላል፤ በውስጡ የሚያልፈው ግን ከ400 ቮልት በላይ ዲሲ ነው። ዲሲ እንደ ኤሲ አቅጣጫው ስለማይቀያየር ሲቆረጥ ብልጭታው ቶሎ አይጠፋም። እኔ ደግሞ በየዘፈኑ መሀል አበራ አጠፋ ነበር።

"ለምን?" አሉኝ።

"ቲዩቡ እንዲያርፍ ነዋ ጋሼ።"

ሳቁብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉ፦ ፓወር ሲበራ የቲዩቡ ክር በ6.3 ቮልት ይግላል። ስታንድባይ የሚቆርጠው ከፍተኛውን ቮልቴጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ስታንድባይ ላይ የቆመ ቲዩብ አያርፍም፣ ሥራ ፈቶ እየጋለ ይቀመጣል። ለሰዓታት እንዲህ መተው ለካቶዱም፣ ክሩ ለሚያሞቀው የቲዩቡ ክፍል፣ ደግ አይደለም። ክሩ ሳይሞቅ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከገባ ካቶዱ ይላጣል የሚባለው ወሬ ደግሞ በሺህ ቮልቶች ለሚሠሩ ትልልቅ የማሰራጫ ቲዩቦች ነው እንጂ የኛን አይመለከትም። "ፌንደር ብሉስ ጁኒየር የሚባለው አምፕ ስታንድባይ የለውም። ሞተ?"

ቶሎ አልተዋጠልኝም። በኋላ ግን የራሴ ሰፈር ትዝ አለኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለቱም ማብሪያ ክፍት፣ ቲዩቡ ቀዝቃዛ ነበር። ስንቴ! ምንም አልሆነም። (የሚያስፈራው መብራቱ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ቮልቴጅ ነው። አሁን ሲሄድ ሶኬቱን እነቅላለሁ።)

"እንግዲያ ማብሪያውን ትቼ በሽቦ ላገናኘውና ይለይለት?" አሉ። ዝም ብለው ግን አልበየዱም። ቲዩቦቹ ሳይሞቁ፣ ቮልቴጁ ከፍ በሚልበት ሰዓት ሲለኩት ቴስተሩ 470 ቮልት አሳየ፤ ካፓሲተሮቹ ላይ የተጻፈው 500 ነው። ይችላሉ ማለት ነው። በቲዩቡ ፋንታ ካፓሲተሩን ማሰባቸው ነው የማረከኝ። እኔ በሕይወቴ አስቤው አላውቅም።

ቅሬታዬንም ልናገር። ሦስት ቀን ያሉኝ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ደረሰኝ የለም። የጀርባው ክዳን ሲመለስ ሁለት ብሎን ጎድሎት ነበር። ዋጋው 1,800 ብር ነበር፤ መሀል ከተማ ከጠየቁኝ ጋር አይወዳደርም። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ያ ጯታም ጠፍቷል። በእረፍት ሰዓት ቮልዩሙን እቀንሳለሁ፣ ምሳ ከሆነ አጠፋዋለሁ።

የተቃጠለውን ማብሪያ ቀዳዳው ባዶ እንዳይሆን ቦታው መልሰውልኛል፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ቤዝ ተጫዋቻችን ግን ይህን አያውቅም። አሁንም ከሥራ በፊት እሱ ነው ስታንድባዩን የሚከፍተው፣ ሰዓቱን አይቶ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቆ። "አሁን ሞቋል፣ ምታ" ይለኛል። እመታለሁ።