ለደብረ ብርሃኗ የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና፣ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ላስቸገራችሁ ደግሞ ጥቆማ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ፎርማት የሚያደርግ ሞልቷል። ቤት ውስጥ የተገጣጠመ፣ ሁለት ግራፊክስ ካርድ የተሸከመ ማሽን ከፍቶ ችግሩን ከሥሩ የሚያገኝ ግን ከስንት አንድ ነው። ይህን የሠራችልንን እህታችንን ከልብ እናመሰግናለን፤ እጅሽ ይባረክ! ሥራዋን በዝርዝር የምንጽፈው ተመሳሳይ ማሽን ያላችሁ ካርድ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት እንድታዩት ነው።

ማሽኑ ሁለት ጂቲኤክስ 1070 ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ብሌንደር በሚባል ፕሮግራም የሕንፃ ምስል የሚሠራበት ነው። አንዱ ካርድ ብቻውን ሲሠራ ሰላም ነው፤ ሁለቱ አብረው ሬንደር (ምስሉን አስልቶ የማውጣት ሥራ) ሲጀምሩ ጥቂት ቆይቶ ድርግም ብሎ ይጠፋል። መልሰው ሲያበሩት የዊንዶውስ መዝገብ ላይ «ከርነል ፓወር 41» ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ለምን እንደጠፋ አይናገርም።

እሷ ዘው ብላ «ካርዱ ተቃጥሏል» አላለችም። አንዱን ካርድ ብቻ ላይኛው ስሎት (የማዘርቦርዱ የካርድ መሰኪያ) ላይ ሰክታ ከባድ ሬንደር አስኬደች፤ ቀጥላ ሌላኛውን፤ ከዚያ ሁለቱንም በየተራ ታችኛው ስሎት ላይ። ካርዶቹም ስሎቶቹም ደህና ሆነው ተገኙ። የግድግዳውን ሶኬት ማሽኑ እየሠራ በመልቲሜትር ለካችው፤ ቮልቴጁ አልወረደም። የቀረው ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት አነበበች።

ከፊት በትልቁ 650 ዋት ይላል። በትንሹ የተጻፈው የ12 ቮልት መስመር ግን 38 አምፔር ነው፤ 12 በ38 ሲባዛ 456 ዋት። ካርዶቹና ፕሮሰሰሩ በዋናነት የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው። አንዱ ካርድ 150 ዋት ይስባል፣ ሁለቱ 300፤ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጭነት 100 ገደማ፤ ፋኑና ዲስኩ ሲታከልበት የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈላቸው በላይ ስለሚስቡ፣ ሁለቱ እኩል ሲስቡ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ይባስ ብሎ ሁለቱም ካርዶች የተሰኩት ባለ ሁለት ራስ በሆነ አንድ ኬብል ነበር። ለየካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነሣ የራሱ ኬብል ሊኖረው ይገባል።

ጥርጣሬዋን ያረጋገጠችበት መንገድ ነው በጣም የወደድንላት። አፍተርበርነር በሚባል የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሁለቱንም ካርዶች የኃይል ገደብ 70 በመቶ ላይ አወረደችው፤ ማለትም እያንዳንዳቸው 105 ዋት። ሬንደሩ ሳይቋረጥ አለቀ። ሳንቲም ሳይወጣ ጥፋተኛው ታወቀ! ሌላ ፓወር ሰፕላይ እስኪገኝም በዚያው መሥራት ተቻለ፤ ኃይሉ በ30 በመቶ ሲቀንስ ፍጥነቱ የዚያን ያህል አይቀንስምና። አሁን የተገጠመው 750 ዋት ሲሆን የ12 ቮልት መስመሩ 62 አምፔር ነው።

ሁለቱን ካርዶች የሚያገናኘውን የኤስኤልአይ ድልድይ ነቅላ ጎን አስቀመጠችው። ኤስኤልአይ ሁለት ካርድ ለጌም አንድ ላይ የሚያሠራ የኤንቪዲያ ዘዴ ነው፤ ለእያንዳንዱ ካርድ ቢያንስ 8 የዳታ መስመር (ሌን) ይፈልጋል፤ የዚህ ማዘርቦርድ ታችኛ ስሎት ግን 4 ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ምርጫው ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ላይ ቢፈለግም አይገኝም። ብሌንደር ድልድይ አያስፈልገውም፤ ሥራውን ራሱ ለሁለቱ ያከፋፍላል። ለጌም ብላችሁ ድልድይ የምትፈልጉ ካላችሁም ይቅርባችሁ፤ ኤንቪዲያ ለእነዚህ ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (ለየጌሙ የሚዘጋጅ ቅንብር) መጨመር ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ነው። የካርዶቹ ሜሞሪ 8 እና 8 ጊጋባይትም ተደምሮ 16 አይሆንም፤ ሥራው በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ለየብቻ ነው የሚጫነው።

የድሮውን ድራይቨር ኢንተርኔት ነቅላ፣ ሴፍ ሞድ ገብታ ዲዲዩ በሚባል የድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራም አጽድታ አዲሱን ጫነች።

ስለ ሙቀቱ የነገረችን ለደጋ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። «እዚህ ብርድ እያለ ካርድ ምን ያሞቀዋል?» ይባላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ላይኛው ካርድ ደግሞ የታችኛውን ትኩስ አየር ነው የሚስበው። ከኬዙ ፊት አየር የሚያስገባ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ጨመረች፣ የካርዶቹ ፋን 60 ዲግሪ ላይ እንዲበረታ አደረገች፤ 84 ይደርስ የነበረው ላይኛው ካርድ ወደ 76 ወረደ። ለአቧራ ብላችሁ በሚሠራ ኬዝ ላይ ጋቢ ጣል የምታደርጉ፣ እባካችሁ ተዉ።

የምርመራ ዋጋዋን ማሽኑን ሳትነካው በፊት ትናገራለች፤ የተቀየረውን ዕቃም ትመልሳለች። ነቀፌታ ካስፈለገ፣ ስልክ ቶሎ አታነሳም። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የምታመጡ ካርዶቹን ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ለብቻ ጠቅልሏቸው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ክብደታቸው ስሎቱን ይሰብራል። የፓወር ሰፕላዩን ኬብሎችም በሙሉ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል መሰኪያው ቢገጥም እንኳ የሽቦው አሰላለፍ ሊለያይና ካርዱን ሊያቃጥለው ይችላል።