ትል ወይስ የጎማ ዓሣ? በታችኛው ፖቶማክ ማጥመድ

የፖቶማክ ወንዝ ከዋሽንግተን ዲሲ በታች ወደ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ሲወርድ፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በየቀኑ ይገፋዋል፣ ይስበዋል። እዚያ የሚያጠምድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ትል ልግዛ ወይስ የጎማ ዓሣ (ዓሣ የሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) የሚለውን ነው።

በወጪ በኩል የጎማው ዓሣ ግንድ ካላስቀረው ደጋግሞ ያገለግላል፤ ትል ግን በየጉዞው ይገዛል፣ ትናንሽ ዓሦችም ከመንጠቆው እየለቀሙ ይጨርሱታል።

ለጀማሪ ትል ይቀላል፤ እርሳስ የታሰረበትን ክር ወርውሮ ዘንጉን ማስደገፍ በቂ ነው። የጎማው ዓሣ የለመደ እጅ ይፈልጋል፦ ታች እስኪነካ ይጠበቃል፣ ዘንጉ ክንድ ያህል ከፍ ይደረጋል፣ ከዚያም ክሩ ብዙ ሳይረግብ እንዲሰምጥ ይተዋል። ዓሣው ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው ጎማው በሚሰምጥበት ቅጽበት ስለሆነ፣ ክሩን በዓይኑ ያልተከተለ ሰው መነከሱንም አያውቅ።

ከትል ጋር መንጠቆ የዋጠ ዓሣ ቢለቀቅም ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአትላንቲክ ጠረፍ ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ባለመስመር ዓሣ በምግብ ለሚያጠምዱ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ግዴታ ሆኗል፤ እሱንም መመንጨቅ ሳይሆን ክሩን ቀስ ብሎ መጠቅለል ነው የሚያስይዘው።

ውኃው ሲደፈርስ፣ ምግቡን እያሸተተ የሚያገኘው ሰማያዊ አምባዛ ሲፈለግ፣ ወይም ልጆች አብረው ሲወጡ ትል ወይም የተቆረጠ ዓሣ ይመረጣል። ውኃው ጠርቶ በሚፈስበት ሰዓት ስትራይፕድ ባስ ለሚፈልግና የያዘውን ለመልቀቅ ላሰበ ግን ጎማው ይሻላል።